መሣሪያው ሲጠይቅ መምህሩ ለምን ዝም ይላል?

ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያ በተነሳ ቁጥር «የለንም» የሚለው ሮሮ ይቀድማል። እርግጥ ነው፣ እጥረቱ አለ። እኛ ግን ዛሬ የምናነሳው ሌላ ጥያቄ ነው። መሣሪያው ሲመጣልንስ ምን እናደርገዋለን?

ሰው ከሩቅ ሰው ጋር እየተያየ የሚነጋገርበት መሣሪያ ታሪክ ለዚህ ጥሩ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1927 በአሜሪካ የቤል ላቦራቶሪ መሐንዲስ ኸርበርት አይቭስ ከባልደረቦቹ ጋር የሠራው መሣሪያ በዋሽንግተን የነበሩትን የንግድ ሚኒስትር የኸርበርት ሁቨርን ምስል በስልክ ሽቦ ኒውዮርክ አደረሰ። ምስሉ ከ50 መስመሮች ብቻ የተሠራ ነበር። ድምፅ ከሁለቱም ወገን ይሰማል፤ ምስሉ ግን ከአንድ ወገን ብቻ። ሚኒስትሩ ይታያሉ እንጂ አያዩም። አይቭስ በዚህ አልረካም፤ በ1930 እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት ሰዎች ተያይተው የሚነጋገሩበትን ሠርቶ አሳየ።

በ1970 «ፒክቸርፎን» የተባለው ባለምስል ስልክ በፒትስበርግ ለገበያ ቀረበ። የወር ክፍያው 160 ዶላር ነበር። ዋጋው ውድ፣ ባለቤቱ ጥቂት ስለሆነ ፈላጊ አጣ። ታዲያ አንድ ሰው ብቻውን ቢይዘው ማንን ያይበታል?

ኮምፒዩተሮች በኔትወርክ እየተሳሰሩ ሲበዙ ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። የታመመውን መሣሪያ ከጤነኛው ማን ይለየዋል? በ1988 ጄፍሪ ኬዝና ሦስት ባልደረቦቹ ኤስኤንኤምፒ የተባለውን የመነጋገሪያ ሥርዓት አወጡ። አሠራሩ ቀላል ነው። ተቆጣጣሪው ኮምፒዩተር እያንዳንዱን መሣሪያ በየጊዜው «እንዴት ነህ? ስንት መልእክት አለፈብህ? ስንቱ ተበላሸ?» እያለ ይጠይቃል፤ መሣሪያውም ይመልሳል። ችግር የደረሰበት መሣሪያም እስኪጠየቅ ሳይጠብቅ በራሱ ያስታውቃል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለውን የአገራችንን ብሂል መሐንዲሶቹ በሥራ ላይ አዋሉት ማለት ነው።

ወደ እኛ እንመለስ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣል፤ ተማሪው ገባውም አልገባው ይቀጥላል። ከ1927ቱ መሣሪያ ጋር ስናስተያየው ይህኛው ያንሳል፤ ያኔ ድምፅ እንኳ ሁለቱንም ወገን ያገናኝ ነበር። አንዳንዶቻችን በተማርንበት ትምህርት ቤት ደግሞ ፕላዝማው ከተበላሸ በኋላ ዓመቱን ሙሉ አቧራ ለብሶ ተሰቅሎ ቀረ። መቼ እንደተበላሸ የጻፈ የለም፤ ማንም አልጠየቀም።

ይህን ስንል ማሽኑን ብቻ ለመውቀስ አይደለም። ጀርባውን ለተማሪ ሰጥቶ ሰሌዳውን ከሞላ በኋላ «ገባችሁ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ጠመኔውን አስቀምጦ የሚወጣ መምህርስ ከፕላዝማው በምን ይሻላል? እጁን ያወጣውን ልጅ «ዝም በል!» ያለ መምህር የማስጠንቀቂያውን ሽቦ በገዛ እጁ ቆረጠው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው ግን የጤና አይደለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ መምህሮቻችን በማስተማር ልምምድ ጊዜ ሲገመግሙን የሰሌዳ አጻጻፋችንን ብቻ አይመልከቱ፤ ያልገባውን ተማሪ በምን ዘዴ እንደምናውቅም ይጠይቁን። ሁለተኛ፣ በምንመደብበት ትምህርት ቤት ሁሉ ለእያንዳንዱ ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥንና ኮምፒዩተር አንድ ደብተር እንክፈት። መቼ ሠራ፣ መቼ ቆመ፣ ለማን ተነገረ የሚለው ይጻፍበት። ወጪው የአንድ ደብተር ዋጋ ነው።

«መሣሪያ መጠገን የመምህር ሥራ አይደለም» የሚሉ ጓደኞች አሉን። እውነት ነው፣ ጥገናው የባለሙያ ነው። መታመሙን ማወቅና ማሳወቅ ግን የእኛ ነው። ለተማሪያችንም ያው ነው እንላለን።