በሩን የምንከፍተው እኛው ነን!

“እኔን ማን ይሰልለኛል? ምን አለኝና!” የሚል ሰው ዛሬም ሞልቷል። እስቲ ያለንን እንቁጠር። የባንክና የቴሌብር ሒሳብ አለን። የወዳጅ ዘመድ ስልክ ቁጥር አለን። ሰው አምኖ የነገረን ምስጢር አለን። ሌባውም ሰላዩም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ሩቅ ሳንሄድ የራሳችንን ጉድ እናንሳ። ታኅሣሥ 2006 ዓ.ም ለኢሳት ባልደረቦች በስካይፕ ፋይል ተላከ። ላዩ ጽሑፍ፣ ውስጡ የጣሊያኑ ሀኪንግ ቲም የሠራው የስለላ ፕሮግራም! የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በየካቲት አጋለጠው። ሰኔ 2007 ዓ.ም ሀኪንግ ቲም ራሱ ተዘረፈና ሰነዱ አደባባይ ተሰጣ። ከደንበኞቹ መካከል ማን ቢገኝ ጥሩ ነው? የእኛው የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ! ስሙ ደህንነት፣ ግዢው የስለላ ዕቃ፤ ያውም በሕዝብ ገንዘብ። የሰላዩ ድርጅት የደህንነት ባለሙያ ከሚጠቀምባቸው የይለፍ ቃሎች አንዱ ደግሞ “ፓስወርድ” የሚለው ቃል ራሱ ነበር፤ አንዲት ፊደል በቁጥር ተተክታ።

ኅዳር 2010 ዓ.ም ሲትዝን ላብ ሌላ ጉድ አወጣ። በውጭ ለሚኖሩ ተቃዋሚዎች “ቪዲዮውን ለማየት ፍላሽ አድሱ” የሚል ወጥመድ በኢሜይል ሲላክ ከርሟል።

ልብ በሉ! በር ሊሰብሩ አልመጡም፤ አንኳኩተው “ክፈቱልን” ነው ያሉት። ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። የዘንድሮው ጅብ ግን በወዳጅ ስም ቤታችን ድረስ ይመጣል።

ስለዚህ ያልጠበቃችሁት ፋይል በወንድማችሁ ስም ቢመጣ እንኳ ሳትደውሉ አትክፈቱ። በስልካችሁ የደረሰውን የማረጋገጫ ቁጥር “ከባንክ ነኝ፣ ከቴሌ ነኝ” ለሚል አትንገሩ። የይለፍ ቃላችሁ ረዥም ይሁን፤ የኢሜይሉ ለቴሌግራም አይደገም። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን አብሩ። ስልካችሁንና ኮምፒዩተራችሁን ከራሱ ሴቲንግ ገብታችሁ አድሱ እንጂ በተላከላችሁ ሊንክ አይሁን። ከኢንተርኔት ካፌ ስትወጡ አካውንታችሁን ዝጉ።

ይህ መንግሥትን ከተጠያቂነት አያድነውም። በስልክና በኤሌክትሮኒክስ የምንለዋወጠው እንደማይደፈር የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደንግጓል። ሕግ ጣሹ እስኪጠየቅ ግን በራችንን ወለል አድርገን አንጠብቀው። የአንድ ሰው ስልክ ሲከፈት የመቶ ሰው ስም ይወጣል። ያኔ ብንጮህ፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው!