«እንደ ስኳር መለኪያ» ሲሉን

አንድ የለመድነው ዜና አለ። «ተመራማሪዎች ከአንድ ጠብታ ደም በሽታን የሚለይ፣ እንደ ስኳር መለኪያ በኪስ የሚያዝ የዲኤንኤ ሴንሰር ሠሩ» የሚል። እናነባለን፣ እንደነቃለን፣ ለጓደኛ እንልካለን። ከዚያ በኋላ ዕቃው የት ደረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ እኛ እንጠይቅ ብለናል፤ ጉዳዩ እኛው አገር፣ ወባ ያለበት ቀበሌ ድረስ ይመጣልና።

መጀመሪያ ግን ሐሳቡን እናድንቅ፣ ይገባዋል። ዲኤንኤ ኤሌክትሮድ ላይ የሚነበብ ምልክት እንደሚሰጥ የቼኮዝሎቫኪያው ተመራማሪ ኤሚል ፓሌቼክ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋን፣ ፕላክስኮና ሂገር ብዙዎች የተከተሉትን ንድፍ ይዘው መጡ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ ከምንፈልገው ዘረ-መል ጋር እንደ ዚፕ የሚገጥም አጭር የዲኤንኤ ገመድ ይዘጋጃል። አንዱ ጫፉ ወርቅ ላይ ይጣበቃል፤ ሌላው ጫፉ ላይ ኤሌክትሮን የሚለዋወጥ ሞለኪውል ይታሰራል። ገመዱ ታጥፎ ሲቀመጥ ሞለኪውሉ ወርቁ አጠገብ ስለሆነ ኤሌክትሪክ ይፈሳል። የምንፈልገው ዲኤንኤ መጥቶ ሲገጥም ገመዱ ቀጥ ይላል፣ ሞለኪውሉ ይርቃል፣ ኤሌክትሪኩ ይቀንሳል። ማይክሮስኮፕ የለ፣ ምን የለ። ቀነሰ ማለት ተገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ችግሩ የቱ ጋ ነው? «እንደ ስኳር መለኪያ» የምትለዋ ጋ።

ደም ውስጥ ስኳር ሞልቷል፣ የሚለካውም በሚሊሞላር ነው። አንድ የዲኤንኤ ሴንሰር «አንድ ፒኮሞላር ድረስ አያለሁ» ሲል ከአንድ ሚሊሞላር ቢሊዮን ጊዜ ያነሰ ነገር አየ ማለት ነው። ጎበዝ! ከማጨብጨባችን በፊት ግን እናስላ። አንድ ፒኮሞላር በአንድ ማይክሮሊትር ውስጥ 600 ሺህ ያህል ሞለኪውል ነው። የወባ ፈጣን መመርመሪያ ኪት ግን በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ 200 ጥገኛ ተህዋስ ሲኖር እንዲያገኝ ይጠበቅበታል። 600 ሺህ የት፣ 200 የት!

ስለዚህ ዲኤንኤውን አስቀድሞ ማባዛት ግድ ይላል። ፒሲአር ሙቀት ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ማሽን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2000 ከጃፓን የመጣው ላምፕ የተባለው ዘዴ ደግሞ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለ አንድ ሙቀት ይበቃዋል። እንደማይቻል እንዳናስመስል፦ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2019 ፈቃድ ያገኘው ቢንክስ አይኦ የክላሚዲያንና የጨብጥን ዲኤንኤ በግማሽ ሰዓት ገደማ በኤሌክትሮድ ያነባል። ግን ፒሲአሩን ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው። ጠረጴዛ የሚፈልግ ማሽን እንጂ የኪስ ዕቃ አይደለም።

«ይህን ያህል ጣጣ ካለው ለምን አንተወውም?» የሚል አይጠፋም። አንተወውም፣ ምክንያቱም ወባ እየሸወደን ነው።

ጤና ኬላ ላይ የምናውቀው ፈጣን ኪት በአብዛኛው ኤችአርፒ2 የሚባል የፋልሲፓረም ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረ-መል ጥለው የሚኖሩ ጥገኛ ተህዋስያን ግን አሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 በኔቸር ማይክሮባዮሎጂ የታተመ፣ በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት ኪቱ በዚህ ምክንያት ብቻ 9.7 በመቶ የሚሆኑትን የፋልሲፓረም ሕሙማን እንደሚያልፋቸው ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት «ኪት ቀይሩ» የሚለው 5 በመቶ ላይ ሲደርስ ነው። ከቁጥሩ ጀርባ «ወባ የለበትም» ተብሎ ትኩሳቱን ይዞ ቤቱ የሚመለስ ልጅ አለ።

ለጊዜው መልሱ ሌላ ፕሮቲን የሚፈልግ ኪት ነው፤ እሱም አለ። ጥገኛው ነገ ሌላ ብልሃት ቢያመጣስ? ዲኤንኤ የሚያነብ መሣሪያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። ጥገኛው ኤችአርፒ2ን ጥሎ ይኖራል፤ የራይቦዞም ዘረ-መሉን ጥሎ ግን መኖር አይችልም። ዒላማው ቢለወጥ እንኳ ገመዱን በሌላ ቅደም ተከተል ማሠራት ነው።

እንግዲህ አቋማችን ይህ ነው፦ የሴንሰር ንድፍ መነሻው የጤና ኬላው ጠረጴዛ ይሁን። መብራት የሚጠፋበት፣ ፍሪጅ የማይታመንበት፣ አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ወረፋ የያዙ እናቶችን ብቻዋን የምታስተናግድበት ጠረጴዛ። አሁን የሚታየው ብዙ ጊዜ ግልባጩ ነው። በንጹሕ ጨዋማ ውኃ ላይ ትንሿን ቁጥር ማስመዝገብ ይቀድማል፣ ደሙ «ወደፊት» ይባላል። ደም ደግሞ ወደፊት የሚባል ነገር አይደለም፤ ፕሮቲኖቹ ወርቁ ላይ ይለጠፉና ምልክቱን ያበላሹታል።

አገራችን ውስጥም ኤሌክትሮኬሚስትሪ የሚያጠኑ ወጣቶች አሉ። የእነሱ ብልጫ ካሊፎርኒያ ውስጥ ያለውን ማሽን ማግኘት አይደለም፤ ጤና ኬላውን ማወቅ ነው።

እኛ አንባቢዎችና ጸሐፊዎችስ? ዜናው በሚቀጥለው ሲመጣ ከማጋራታችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። የተፈተነው በደም ነው ወይስ በውኃ? ዲኤንኤውን ማን ያባዛለታል? ያለ ፍሪጅ ስንት ወር ይቆያል? ሦስቱም መልስ ካላቸው ያኔ አብረን እናጨብጭብ።

ቸር እንሰንብት።