የግቢ ዋይፋይ

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ (ሦስቱም ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው) ቤት ተከራይቶ የኖረ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። አከራዩ አንድ የኢንተርኔት መስመር ያስገባል፤ ፓስወርዱ ለተከራይ ሁሉ ይዳረሳል፤ ሒሳቡ በጋራ ይከፈላል። ተከራይ ሲለቅ ቁልፉን ያስረክባል፤ ፓስወርዱን ግን ይዞት ይሄዳል።

እንዲህ ያለ ግቢ ውስጥ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ሥርዓት የተጫነበት ላፕቶፕ ሲከፈት፣ አቫሂ የሚባለው አገልግሎት በ5353 ፖርት ስሙን ያስተዋውቃል። ሲጫን ካልተቀየረ፣ ያ ስም የባለቤቱን መጠሪያና የላፕቶፑን ሞዴል ይዟል። ማን ምን እንዳለው ጎረቤት ሳያንኳኳ ያውቃል ማለት ነው። አቫሂን አልወቅስም፤ እሱ ባይኖር ፕሪንተር ለማግኘት የአይፒ ቁጥር ስንፈልግ እንውል ነበር።

የሚያሳስበኝ ማሽኑ የሰማውን ማመኑ ነው። መስከረም 16 ቀን 2017፣ እኛ ደመራ በለኮስንበት ዕለት፣ ሲሞኔ ማርጋሪቴሊ የተባለ ጣሊያናዊ ተመራማሪ በከፕስ የኅትመት ሥርዓት ላይ ያገኘው ቀዳዳ ይፋ ሆነ። ፕሪንተር ፈላጊው ፕሮግራም በ631 ፖርት «ፕሪንተር ነኝ» ያለውን ሁሉ ይቀበል ነበር። በዚያ ሐሰተኛ ፕሪንተር ያተመ ሰው ላፕቶፑን ለሌላ ሰው ትእዛዝ ያጋልጣል። ቀዳዳው በዝማኔ ተደፍኗል፤ ዝማኔ የማይጭን ግን ሞልቷል።

የሊኑክስ አከፋፋዮቹስ? ኡቡንቱ ፋየርዎሉን ይዞ ይመጣል፣ አያበራውም፤ ከውጭ የሚሰማ አገልግሎት ከሌለ ምን ይዘጋል ባይ ነው። ፌዶራ ወርክስቴሽን ያበራዋል፤ ከ1025 እስከ 65535 ያሉትን ፖርቶች ግን ክፍት ይተዋል። ይሄ በሩን ቆልፎ አጥሩን እንደ ማፍረስ ነው። ኦፕንሱሴ ጠበቅ ያደርጋል፤ ፕሪንተሩም አብሮ ይሰወርና የተናደደ ተጠቃሚ ፋየርዎሉን ጭራሽ ያጠፋዋል። ሦስቱም የሚያስቡት የራሱ ራውተር ያለውን ቤተሰብ ወይም ካፌ የተቀመጠን መንገደኛ ነው። አንድ ራውተር የሚጋሩ ተከራዮች ትዝ ያሏቸው አይመስለኝም።

ኡቡንቱ የምትጠቀሙ፣ ፋየርዎሉን ዛሬውኑ አብሩት፤ የራሱ ደንብ 5353ን ክፍት ስለሚተው ፕሪንተራችሁ አይጠፋም። የኮምፒውተሩን ስምም ቀይሩት። አከራዮችም፣ እባካችሁ፣ ተከራይ በለቀቀ ቁጥር ፓስወርዱን ለውጡ።