ዳቦ ተቀመጥ፣ ሽሮ ተቀመጪ



በእኛ ቤት «መኪና» የሚለው ቃል በዋዛ አይነገርም። ከተነገረ ሁለት ውሾች ከተኙበት ይነሣሉ፣ በሩን ይቧጥጣሉ፣ ጅራታቸው የቡና ስኒ ይደፋል። ባለቤቴና እኔ ለጥቂት ወራት «ተሽከርካሪ» እያልን ልናታልላቸው ሞከርን። እሱንም ለመዱት። አሁን ስለ መኪና ማውራት ሲያስፈልገን ወደ ሌላ ክፍል እንሄዳለን።

ወንዱ ዳቦ ይባላል፤ ሴቷ ሽሮ ትባላለች። ስም ያወጣችላቸው የሰባት ዓመት ልጃችን ናት። ዳቦ ትልቅ፣ ቡናማና ለስላሳ ነው። ሽሮ ግን ትንሽ ናት፤ መልኳ ወደ ብርቱካንማ ያደላል፤ ቶሎ ትገነፍላለች።

ሁለቱም የሚታዘዙት በአማርኛ ብቻ ነው። ይህን ያደረግነው አስበንበት ነው። መናፈሻ ውስጥ ሌላ ሰው ውሻውን በእንግሊዝኛ ሲያዝ የእኛዎቹ ግራ አይጋቡም። ያላሰብነው ጥቅም ደግሞ ሰዋስው ሆነ። ሥራዬ ሶፍትዌር መሥራት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ሳዝ እውላለሁ፤ ኮምፒውተር ወንድ ይሁን ሴት ማወቅ አያስፈልገኝም። በአማርኛ ግን ይህን ሳያውቁ ማዘዝ አይቻልም። ዳቦን «ና!» እንለዋለን፣ ሽሮን «ነይ!»፣ ሁለቱን ደግሞ «ኑ!»። ተቀመጥ፣ ተቀመጪ፣ ተቀመጡ። ልጃችን ይህን ከመጽሐፍ አላጠናችም። ሽሮን «ና!» ብላ ስትጠራት ዳቦ እየመጣባት ነው የለመደችው።

ትእዛዝ ብቻውን ግን ወሬ አይሆንም። ውጭ አገር ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ይህን ሳታውቁት አትቀሩም። ቤት ውስጥ ቀድሞ የሚሰማው አማርኛ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ዝም በሉ»፣ «ጫማሽን አውልቂ» ነው። ሁሉንም ትረዳላችሁ፤ መልሱ ግን በእንግሊዝኛ፣ በጀርመንኛ ወይም በዐረብኛ ይወጣል። ለልጅ የሚነገረው አማርኛና ለውሻ የሚነገረው አማርኛ ብዙም አይራራቁም። ልዩነቱ ከውሻ መልስ የሚጠብቅ አለመኖሩ ነው።

እናቴ በዚህ መኸር ከአዲስ አበባ ለሦስት ወር ልትጠይቀን ስትመጣ ነገሩ ጎልቶ ታየ። ልጃችን አያቷን በጣም ትወዳለች። ፍቅሯን የምትገልጽበት ቃል ግን ከውሾቹ ጋር የምትጠቀምበት ብቻ ነበር። ወንበር ስባ «እማማ፣ ተቀመጪ!» አለቻት፤ ልክ ሽሮን እንደምታዛት። እናቴ በሳቅ ፈረሰች። ለአያት «ይቀመጡ» እንደሚባል ባለቤቴ በጆሮዋ ነገረቻት። ከዚያ በኋላ ግን ሁለቱ ተያይተው ፈገግ ከማለት ያለፈ ነገር አልነበራቸውም። ሦስት ወር ደግሞ ቶሎ ያልቃል።

በዚህ ላይ እናቴ ውሻ ትፈራለች። ባደግንበት ሰፈር ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ቤት አይገባም። «ቤተ ክርስቲያን የገባች ውሻ» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል፤ ሁሉም የሚያባርራት ማለት ነው። እኔም ለሁለተኛ ዲግሪ ወደ አሜሪካ በመጣሁ ጊዜ፣ የክፍል ጓደኛዬ ሶፋ ላይ ውሻ ተጋድሞ ሳይ የት እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ ነበር። የእናቴ ፍርሃት ግን ከልማድ በላይ ነው። በልጅነቷ ውሻ ነክሷት ፓስተር ወስደዋታል። ፓስተር አዲስ አበባ ውስጥ ሰው የእብድ ውሻ በሽታ መድኃኒት ፍለጋ የሚሮጥበት ቦታ ነበር። አሥራ አራት ቀን፣ በየቀኑ አንድ መርፌ፣ ሆዷ ላይ። በሽታው ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከመርፌው ማምለጥ አይታሰብም ነበር።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት እንግዲህ አምስታችን አንድ መኪና ውስጥ ገባን፤ ባለቤቴ ሥራ ነበራት። እናቴ ከፊት፣ ልጄ ከኋላ፣ ውሾቹ ከጎኗ በመታጠቂያቸው ታስረው። ውሻን ከፊት ወንበር ማስቀመጥ ጥሩ አይደለም፤ ግጭት ቢፈጠር የሚፈነዳው የአየር ከረጢት ይጎዳዋል። እናቴ ይህን ስነግራት «ከፊት የማይቀመጡ ከሆነ እኔ ከፊት ነኝ» ብላ ቀድማ ገባች።

የሄድነው ወደ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ በስተምዕራብ 75 ማይል ያህል ይርቃል። እዚያ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል 105 ማይል የሚረዝም መንገድ በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ ጫፍ ላይ ይሄዳል። ከ35 ማይል በሰዓት በላይ መንዳት አይፈቀድም፤ ውሻ ለሚወድ ሰው ይህ መልካም ዜና ነው። ፓርኩ ውስጥ በአብዛኛው የእግር መንገድ ላይም ውሻ ይዞ መሄድ ይቻላል፤ ማሰሪያው ከ6 ጫማ ካልበለጠ። ብዙ ብሔራዊ ፓርኮች ይህን አይፈቅዱም።

መስኮቱን አራት ጣት ያህል ከፈትኩላቸው። ጭንቅላታቸውን ሙሉ በሙሉ እንዲያወጡ አልፈቅድም፤ አቧራና ጠጠር ዓይን ይጎዳል። አራት ጣት ግን ለእነሱ በቂ ነው። ሰው አፍንጫ ውስጥ ሽታ የሚለዩ ሕዋሳት በሚሊዮኖች ይቆጠራሉ፤ ውሻ አፍንጫ ውስጥ ያሉት በመቶ ሚሊዮኖች ናቸው። እኛ ቀይና ቢጫ ቅጠል ስናይ እነሱ አጋዘን፣ እርጥብ አፈር፣ ትናንት ያለፈ ሰው ምሳ ያሸታሉ። ዳቦ አፍንጫውን በክፍተቱ አስገብቶ ዓይኑን ጨፈነ። ጆሮው በነፋሱ ተገለበጠ። ሽሮ በመስኮቱና በልጄ መካከል እየተመላለሰች ዜናውን የምታደርስ ትመስል ነበር።

ያን ጊዜ ዳቦ ማለክለክ ጀመረ። እናቴ ዞር ብላ አየችው።

«ይኼ ምን ሆኖ ነው? ሊናከስ ነው?»

ልጄ ወደ እኔ አየች። እኔ መንገዱን አየሁ።

«አይ እማማ» አለች በመጨረሻ። «ሞቀው።»

ልክ ነበረች። ውሻ እንደ ሰው ገላውን ስለማያልበው፣ ሙቀቱን የሚያወጣው በምላሱ ነው። እናቴ ግን ስለ ምላስ አልጠየቀችም። «ታዲያ ውሃ አይሰጡትም? ያቺስ ትንሿ ምን ሆና ነው የምታለቅሰው?»

«ሽሮ… ራብኩ።»

«አንቺ ነሽ የራበሽ ወይስ እሷ?»

«እሷ!»

«ራባት በያ!»

«ራባት። እና ጠማት። እና… ደስ አላት።»

እዚህ ላይ ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ነገር ልበል። እነዚህ ግሶች ብዙ ሰው ያስቸግራሉ። በእንግሊዝኛ ራሱ ሰውየው ነው የሚርበው፤ በአማርኛ ግን ረሃቡ ሰውየው ላይ ይመጣበታል። ራበው፣ ጠማው፣ ሞቀው፣ ደከመው፣ ደስ አለው። ስለ ራሳችሁ ስትናገሩ «ራበኝ» እንጂ «ራብኩ» አይባልም። ልጄ ስለ ራሷ ስትናገር ለወራት ስትሳሳት የነበረውን፣ ስለ ውሾቹ ስትናገር በአንድ ማለዳ አስተካከለችው። ውሻ ሁልጊዜ አንድ ነገር ይሰማዋል፤ የሚጠይቅ አያት ካለ ደግሞ ወሬው አያልቅም። «አሁንስ ምን ሆነ?» «ወፍ አየ።» «ወፏስ?» «ሄደች። ዳቦ አዘነ።»

መንገድ ዳር ካለች ሱቅ ስንደርስ አንድ ጥያቄ መጣ። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ ሙቀቱ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ነው። ደስ የሚል አየር ይመስላል። መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥ ግን በግማሽ ሰዓት 40 ዲግሪ ይደርሳል፤ መስኮቱን ትንሽ መክፈት ብዙም አይረዳም። ስለዚህ ውሾቹን መኪና ውስጥ ትተን አንገባም። ሱቁ ደግሞ ውሻ አያስገባም።

«አንተ ግባ፣ ልጄ» አለች እናቴ። «እኛ ከውጭ እንጠብቃቸዋለን። ገመዱን ግን እሷ ትያዘው።»

ቡናና ውሃ ይዤ ስመለስ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እናቴ የፓስተርን ታሪክ እየነገረቻት ነበር፤ ሆዷን በጣቷ እየነካካች፣ እዚህ፣ እዚህ፣ እዚህ። ልጄ ያልገባትን ቃል ትጠይቃለች፤ እናቴ በእጇ ታሳያታለች። ከዚያ ልጄ የዳቦን አንገት ጎተት አድርጋ ማሰሪያው ላይ የተንጠለጠለችውን ትንሽ ብረት አሳየቻት። እኛ በምንኖርበት በቨርጂኒያ አራት ወር የሞላው ውሻ ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ ግዴታው ነው። ብረቷ ለዚያ ምስክር ናት።

«መርፌ ወጉት። አይታመምም» አለች ልጄ።

እናቴ ጎንበስ አለች። መነጽሯን አድርጋ ብረቷን በሁለት ጣቷ ያዘቻት። ዳቦ አልተነቃነቀም።

«ስንት መርፌ?»

«አንድ።»

«አንድ!» እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ አሥራ አራት፣ ዳቦ በአንድ!»

ከንክሻ በፊት የሚሰጥ ክትባትና ከንክሻ በኋላ የሚሰጥ ሕክምና እንደሚለያዩ ላስረዳት ጀመርኩ። ዛሬ ለተነከሰ ሰውም ክትባቱ ክንድ ላይ እንደሚሰጥ፣ ቁጥሩም አራት ወይም አምስት እንደሆነ ነገርኳት። አልሰማችኝም። ዳቦን ከጆሮው ጀርባ በአንድ ጣት እየነካችው ነበር፤ ምድጃ የጋለ መሆኑን እንደሚሞክር ሰው።

ከዚያ ወደ ፊት ስንቀጥል በድንጋይ የተፈለፈለ ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ 200 ሜትር ያህል ነው። ገና ጨለማው ሲያገኘን ሽሮ አለቀሰች፤ ዳቦ ተከተላት፤ ልጄም እንደ እነሱ «አዉዉዉ» አለች። ብርሃን ላይ ስንወጣ አራተኛውን ድምፅ ማን እንዳሰማ ጠየቅሁ። እናቴ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ዝም አለች።

ስንመለስ ውሾቹ አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው ተኙ። እናቴም ጭንቅላቷን ወንበሩ ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። ከኋላ ድምፅ መጣ፤ ቀስ ያለ፣ ቃሉን እየፈለገ።

«እማማ… ደከመዎት?»

እናቴ ዓይኗን ሳትገልጥ መለሰች።

«ደከመኝ፣ የኔ እመቤት። ዳቦን ሲነቃ ውሃ ስጪው፤ ይጠማዋል።»