ላፕቶፕ የሌለው ተማሪ ወደ ኋላ አይቅር



ፕሮግራሚንግ ከሚማሩ ልጆቻችን መካከል ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር «ይህ ትምህርት ለእኔ አይሆንም» ብለው ተስፋ የሚቆርጡ አሉ። ጠጋ ብለን ስንጠይቃቸው ግን ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከብዷቸው አይደለም፤ የሚለማመዱበት ስለሌላቸው ነው። የላብ ኮምፒውተር አለ፤ ነገር ግን አዲስ ፕሮግራም ልጫን ሲሉት የይለፍ ቃል ይጠይቃል፤ ዛሬ ያስቀመጡበት ፋይልም ነገ ላይገኝ ይችላል። ላፕቶፕ መግዛት ደግሞ ለብዙዎቻችን ቤተሰብ የማይሞከር ነው። እኛ የምንለው፣ ይህ ችግር በአንድ ፍላሽ በእጅጉ ሊቃለል ይችላል፣ ጀመዓችንም ሥራውን የራሱ ሊያደርገው ይገባል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤችቲኤምኤል ለመለማመድ ኖትፓድና ብራውዘር ይበቃሉ። ችግሩ የሚመጣው ትምህርቱ ፒኤችፒና ዳታቤዝ ላይ ሲደርስ ነው። የፒኤችፒ ኮድ የሚሠራው ብራውዘሩ ውስጥ ሳይሆን ሰርቨሩ ላይ ነው። ሰርቨሩ ኮዱን አንብቦ፣ ዳታቤዙን ጠይቆ፣ ውጤቱን ብቻ ለብራውዘሩ ይልካል። ስለዚህ ሰርቨር በሌለበት የፒኤችፒን ፋይል ደጋግመን ብንከፍተው አይሠራም። ሰርቨር ሲባል ግን የግድ ትልቅ ማሽን ማለት አይደለም፤ በዚያው በተቀመጥንበት ኮምፒውተር ላይ ሊነሳ የሚችል ፕሮግራም ነው።

ዛምፕ የተባለው ጥቅል አፓቺ የሚባለውን ዌብ ሰርቨር፣ ማሪያዲቢ የሚባለውን ዳታቤዝ፣ እንዲሁም ፒኤችፒንና ፐርልን በአንድ ላይ ይዟል። ለዊንዶውስ የተዘጋጀው ፖርተብል ቅጂ ኮምፒውተሩ ላይ መጫን አያስፈልገውም፤ ዚፑን ፍላሹ ላይ መፍታት ነው። ባለ 8 ጊጋባይት ፍላሽ ከበቂ በላይ ነው። ፍላሹ በአንዱ ኮምፒውተር ላይ «ኢ»፣ በሌላው ላይ «ኤፍ» ተብሎ ስለሚከፈት፣ ፊደሉ በተለወጠ ቁጥር ከጥቅሉ ጋር የሚመጣውን የሴትአፕ ፋይል አንዴ ማስኬድ ይገባል። ከዚያ ኮንትሮል ፓነሉን ከፍቶ አፓቺንና ዳታቤዙን ማስነሳት፣ ሥራችንን ኤችቲዶክስ በተባለው ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ፣ ብራውዘሩ ላይ «ሎካልሆስት» ብሎ መጻፍ ነው። አፓቺ አልነሳ ካለ ብዙውን ጊዜ 80 ቁጥር ፖርትን ሌላ ፕሮግራም ይዞት ነው፤ ወደ 8080 መቀየር ነው።

ፍላሹ ዘገምተኛ ለሆነበት ሰው ቀለል ያለ መንገድም አለ። ፒኤችፒ በ2012 እ.ኤ.አ ከወጣው 5.4 ቅጂው ጀምሮ ለልምምድ የሚሆን የራሱ ትንሽ ሰርቨር አለው፤ በአንድ መስመር ትእዛዝ ይነሳል። ዳታቤዙን በአንድ ፋይል ከሚያስቀምጠው ኤስኪውላይት ጋር ሲጣመር ለመጀመሪያ ዓመት ልምምድ ይበቃል። ፓይተን ለሚማሩም ዊንፓይተን የተባለው ጥቅል እንዲሁ ከፍላሽ ላይ ይሠራል።

«ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ይህ ምን ያደርጋል?» የሚሉ አሉ። ኢንተርኔት ሲኖር እውነት ነው። ነገር ግን በ2009 ዓ.ም በብሔራዊ ፈተና ሰሞን ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ እንደነበር አንረሳም፤ ዋይፋይ የሚንቀራፈፍበትን ማታም ሁላችንም እናውቀዋለን። ሎካልሆስት ማለት 127.0.0.1 የተባለው አድራሻ ነው፤ ጥያቄው ከኮምፒውተሩ አይወጣም። ኔትወርክ ኖረም አልኖረም ሥራው አይቋረጥም።

«ፍላሽ ቫይረስ ያዛምታል» የሚለው ስጋት ግን ተገቢ ነው። ፎልደሮችን ሾርትከት የሚያደርገው ቫይረስ ያልደረሰበት ካምፓስ ያለ አይመስለንም። መፍትሔው ፍላሹን በየጊዜው ስካን ማድረግ፣ የሥራውን ቅጂ በየሳምንቱ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። ዳታቤዙን ሳያቆሙ ፍላሹን መንቀልም መረጃን ያበላሻል፤ መጀመሪያ ይቁም፣ ከዚያ ይነቀል።

ሁለት የአማና ጉዳዮችም አሉ። አንደኛው፣ የላብ ኮምፒውተር የሕዝብ ንብረት ነው። ፖርተብል ፕሮግራም ስለማይጫን ብቻ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የላቡን ኃላፊ በግልጽ ማስፈቀድ ይገባል፤ ከተከለከልንም ተደብቀን አንሠራም። ሁለተኛው፣ ዛምፕ ሲመጣ የዳታቤዙ ዋና ተጠቃሚ የይለፍ ቃል የለውም። የተዘጋጀው ለልምምድ እንጂ ለአገልግሎት አይደለም። ስለዚህ የጀመዓ አባላትን ስምና ስልክ የያዘ መዝገብ ማንም እዚያ ላይ እንዳያስቀምጥ። ፍላሽ ይጠፋል፤ የሰው ሚስጥር ግን ሐቅ ነው።

እነዚህ ፕሮግራሞች በነፃ መቅዳትና ማከፋፈል የተፈቀደባቸው መሆናቸውም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር እየተቀባበልን ስለ ሐላል ማውራት ያስተዛዝባል። እዚህ ግን ባለቤቶቹ ራሳቸው «ቅዱት፣ ስጡት» ብለዋል። መቅዳት ደግሞ ለእኛ አዲስ አይደለም። በወሎም ሆነ በሐረር ደረሳው የሸይኹን ኪታብ በእጁ ገልብጦ ይቀራ ነበር፤ ኪታቡን ይዞ ወደ ሌላ ሸይኽ ሲሄድም ትምህርቱ አብሮት ይሄድ ነበር። የቤተሰቡ ድህነት ከቂርአት አላስቀረውም፤ የሚቀዳለት ኪታብና የሚያስቀዳው ሰው ነበረና።

ስለዚህ የጀመዓችን የትምህርት ክፍል በሴሚስተሩ መጀመሪያ አንድ ንጹሕ ቅጂ አዘጋጅቶ፣ በወንድሞችም በእህቶችም በኩል የመቅጃ ቀን ይመድብ። ከአንድ በላይ ፍላሽ ያለን አንዱን ወቅፍ እናድርግ፤ እንደ ኪታብ በስም ተመዝግቦ በውሰት ይሰጥ። ላፕቶፕ ያለን በሳምንት አንድ ማታ፣ ከዒሻእ በኋላ፣ ለጀማሪ አጠገቡ እንቀመጥ።

ለመነሻ የሚሆን ሥራም አለ፤ የዘካ ማስያ። ተማሪው የአንድን ሰው ገንዘብና የወርቅ ዋጋ ይቀበላል፤ ገንዘቡ ከ85 ግራም ወርቅ ዋጋ ጋር ደርሶ እንደሆነ ያመዛዝናል፤ ከደረሰና ዓመት ከሞላው 2.5 በመቶውን ያሰላል። ትንሽ ሥራ ናት፤ ግን ቅጽ መቀበልን፣ ማመዛዘንንና ውጤት ማሳየትን ሁሉ ታስተምራለች። ይህችን የጨረሰ ልጅ «ለእኔ አይሆንም» አይልም፣ ኢንሻ አላህ።

ወቢላሂ ተውፊቅ።