ምክንያቱ ስላልታየ የእግርና የጕልበት ሕመም

የታመመ ሰው ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ አንደኛው መድኃኒት ነው፤ ሁለተኛው ታምሜአለሁ ሲል የሚያምነው ሰው ነው። እጁ የተሰበረ ወይም ትኵሳት የያዘው ሰው ይህን ሁለተኛውን ሳይለምን ያገኘዋል፤ ሕመሙ ለሁሉ ይታያልና። እግሩንና ጕልበቱን ዓመት ሙሉ እያመመው በምርመራ ምንም ያልተገኘበት ሰው ግን ከሕመሙ ይልቅ የቤተ ሰቡ ጥርጣሬ ይከብደዋል። ጧት ደረጃ መውጣት አቅቶት የነበረውን ሰው ማታ ደኅና ሲራመድ ያዩት እንደ ሆነ «ሰነፈ እንጂ አልታመመም» ይሉታል። ስለዚህ በዛሬው ገጻችን ስለዚህ ዓይነቱ ሕመም ጥቂት ምክር እናቀርባለን።

በፍርድ ቤት አንድ ምስክር አላየሁም ቢል ነገሩ አልተደረገም ማለት አይደለም፤ እርሱ በቆመበት ስፍራ ሆኖ አልታየውም ማለት ነው። ራጅም እንደዚሁ ነው። ጀርመናዊው ሊቅ ሮንትገን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1895 ዓ.ም. ያገኘው ይህ ጨረር የአጥንትን መሰበር አጥርቶ ያሳያል፤ ሕመምን ግን አያሳይም። በራጅ ሲታይ ጕልበቱ ያረጀ ሆኖ ሳለ ምንም የማያመው ሰው አለ፤ ራጁ ንጹሕ ሆኖ ሳለ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣም አለ። ደግሞም የጕልበት ሕመም ሥሩ አንዳንድ ጊዜ በዳሌ መገጣጠሚያ ወይም በወገብ ነርቭ ይገኛልና፥ ሕመምተኛው ሐኪሙን ዳሌዬንና ወገቤንም ይመርምሩልኝ ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ ተመርምሮ ምክንያት ባይገኝስ? ከሦስት ወር በላይ በቆየ ሕመም አንዳንድ ጊዜ ነርቮችና አንጎል፥ ሌባው ከሄደ በኋላ መጮኹን እንዳላቆመ የሌሊት ዘበኛ፥ ማስጠንቀቃቸውን ሳያቋርጡ ይቀራሉ። ጩኸቱ እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን በጮኸ ቍጥር አካል እየተበላሸ ነው ማለት አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅትም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ፥ በሌላ በሽታ ሊገለጽ የማይችለውን ሥር የሰደደ ሕመም ራሱን የቻለ በሽታ አድርጎ ጽፎታል።

እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ከሁለት ነገሮች ይጠበቅ። አንደኛው ፈጽሞ መተኛት ነው፤ ያልሠራ የጭን ሥጋ ይደክማል፥ ጭኑ ሲደክም ሸክሙ በጕልበት ላይ ይወድቃል። ሁለተኛው ደኅና በሆነበት ቀን የሳምንቱን ሥራ ሁሉ ሠርቶ ሁለት ቀን መውደቅ ነው። ሃያ ደቂቃ ተራምዶ በማግሥቱ የሚታመም ሰው በየቀኑ አሥር ደቂቃ ይራመድ፤ በየሳምንቱም ጥቂት ይጨምር። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ሰው የተባለ ይመስላል። ደግሞ በወንበር ተቀምጦ አንዱን እግር ቀጥ አድርጎ አምስት ያህል እስኪቈጥር ይያዝ፥ ከዚያም በቀስታ ያውርድ፤ ይህንንም በእያንዳንዱ እግር አሥር ጊዜ ይድገም።

ከዘራ የሚይዝ ሰው ከሚያመው እግር በተቃራኒ ባለው እጁ ይያዝ፤ ከሚያመውም እግር ጋር አብሮ ያንሣው። እጁ ወደ ታች ሲንጠለጠል የከዘራው እጀታ ከእጁ አንጓ ጋር ትክክል ይሁን። መቋሚያ በማኅሌት ለሚቆም ሰው መልካም ድጋፍ ነው፤ ለመንገድ ግን ይረዝማል። ሰውነቱ የከበደ ሰው አንድ ኪሎ ቢቀንስ በእያንዳንዱ እርምጃ ከጕልበቱ ላይ አራት ኪሎ ያህል ሸክም ይወርድለታል።

ሞቅ ያለ ጨርቅና ለስላሳ መታሸት ሕመምን ያስታግሣሉ፤ በኀይል መጠምዘዝ ግን ይጎዳልና ወጌሻውን እንዲህ አታድርግ ማለት ያስፈልጋል። ዲክሎፌናክንና ኢቡፕሮፌንን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለብዙ ጊዜ መዋጥ ጨጓራን ያደማል፥ ኵላሊትንም ይጎዳል።

ነገር ግን መገጣጠሚያው አብጦ ቢግልና ትኵሳት ቢመጣ፥ አንዱ ባት ለብቻው ቢያብጥ፥ እግር ቢደነዝዝና ቢዝል፥ ሽንት መቈጣጠር ቢያቅት ወይም ሰውነት ያለ ምክንያት ቢከሳ፥ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል። ባት ካበጠ በኋላ ትንፋሽ ቢያጥር ደግሞ አንዲት ሰዓት እንኳ መቈየት አይገባም።

የቀረው የቤተ ሰብ ሥራ ነው። እመቤቲቱን ጕልበቷን የሚያማት እንደ ሆነ፥ ቡና የምታፈላበት ዝቅተኛ በርጩማ በከፍተኛ መቀመጫ ይለወጥላት፤ ዕለት ዕለት የምትፈልገው ዕቃም ጐንበስ ሳትል የምታገኘው ስፍራ ይቀመጥላት። ሥራዋን ሁሉ ነጥቆ እንደ እንግዳ ማስቀመጥ ግን ደግነት አይደለም፤ የምትችለውን እርሷ ትምረጥ። በየሰዓቱ «ተሻለሽ ወይ?» ማለትም አሳቧን ወደ ሕመሙ ይመልሰዋልና፥ በቀን አንድ ጊዜ «ዛሬ በምን ልርዳሽ?» ብሎ መጠየቅ ይበልጣል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ሰው ግን በሽታውን የሚደብቀው ሲናገር የሚያምነው ባጣ ጊዜ ነው። እንግዲህ ራጁ ምንም ባያሳይ፥ የቤቱ ሰዎች የሕመምተኛውን ቃል እንደ ታማኝ ምስክር ቃል ይቀበሉ።