ከመዋጮው በፊት ዕቅዱ ይቅደም

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ያስታወሰኝ ሰሞኑን በየመኝታ ክፍሉ ሲወራ የሰነበተው የሶፍ ዑመር ዋሻ ጉዞ ነው። ሐሳቡን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ቅር ያሰኘኝ ግን እስካሁን የተወሰነው የመዋጮው መጠንና አውቶቡሱ የሚነሳበት ሰዓት ብቻ መሆኑ ነው። የት እናድራለን? ምን እንይዛለን? ማን ይመራናል? ብሎ የጠየቀ የለም።

ለመሆኑ የምንሄደው ምን ለማየት ነው? ሶፍ ዑመር 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ በአገራችን ከሚታወቁት ዋሻዎች ረጅሙ ነው። የሠራው የዌብ ወንዝ ነው። ወንዙ ከባሌ ተራሮች ተነስቶ ቆላ ሲወርድ የኖራውን ድንጋይ በብዙ ዘመን እያሟሟና እየቦረቦረ መንገድ አበጅቶበታል፤ ዛሬም በውስጡ ይፈሳል። ከጥቁር ሰሌዳ የገለበጥነው ትምህርት እዚያ ዓምድ ሆኖ ቆሟል። ታዲያ ሌሊት ተነስቶ፣ ሲሮጡ ውሎ፣ ፎቶግራፍ ተነስቶ መመለስ ምን ይፈይዳል?

በበኩሌ ሁለት ሌሊት ድንኳን ውስጥ እንደር ባይ ነኝ። አንደኛዋን በመንገዳችን ላይ ባለችው ዲንሾ፣ በብሔራዊ ፓርኩ ውስጥ በእግር እየተጓዝን የደጋ አጋዘኑንና የዌብን መነሻ አካባቢ ብናይ፤ ሁለተኛዋን በሮቤና በጎሮ አልፈን ዋሻው አጠገብ ብናድር፣ ውሃውን ከላይ እስከ ታች ተከተልነው ማለት ነው። በዚያው ተራራ ፊንጫ ሃበራ በተባለ የድንጋይ መጠለያ፣ በ3,469 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ሰዎች እሳት አንድደው፣ ፍልፈል ጠብሰው ይኖሩ እንደነበር በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት አስረድቷል። እነሱ እንኳ ሳይሰናዱ ተራራ አልወጡም!

ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ያንዘፈዝፋል፤ ዋሻው ያለበት ደግሞ ሞቃት ቆላ ነው። ብርድ ልብስም ስስ ልብስም ያስፈልጋል። ወቅቱም ደረቁ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ቆላው ፀሐይ ሆኖ ሳለ ተራራው ላይ ከዘነበ ወንዙ ዋሻው ውስጥ ሊሞላ ይችላልና።

ስለ መብራት ደግሞ ከራሴ ልናገር። ሁለተኛ ደረጃ ሳለሁ አራት ሆነን ከመንደራችን ማዶ ካለች ትንሽ ዋሻ በአንድ ሞባይል መብራት ገባን። ብዙም ሳንርቅ ባትሪው አለቀ። የመጣንበት አቅጣጫ እንኳ ጠፋን። እጅ ለእጅ ተያይዘን ስንጮህ የሰማን አንድ እረኛ ልጅ ነበር፤ በሩ ላይ ቆሞ እየተጣራ በድምፁ መራን። ያ ልጅ ባይኖርስ? ለእናቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው ከሞባይሉ ሌላ የእጅ ባትሪ ይያዝ፤ የአካባቢው ሰው ሳይመራን ማንም አይግባ። ሥፍራው በሼኽ ሶፍ ዑመር ስም የተሰየመ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን የሚያከብሩት ነው። ሽማግሌዎቹን አስፈቅዶ መግባት እንጂ ጭፈራና ድንጋይ ላይ ስም መጻፍ ነውር ነው።

«ማደር ወጪ ያበዛል» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ወጪ የሚያበዛው አለመሰናዳት ነው እላለሁ። በሶና ቆሎ ከየቤታችን፣ ብርድ ልብስ ከየአልጋችን፣ ቡታጋዝ በውሰት ይገኛል፤ እንጨት ከፓርኩ መልቀም አይገባም። ገንዘብ የሌለው ጓደኛችን በጉልበቱ፣ ውሃ በመቅዳትና ወጥ በመሥራት ይካፈል። አሁን እንደተያዘው ከሆነ ግን መክፈል ያልቻለው ሰው መኝታ ቤት ይቀራል። እሱስ ነገ ስለ ዋሻ የሚያስተምር መምህር አይደለም እንዴ?

ነገ እኮ ስልሳ ሕፃናት ይዘን ወንዝ ዳር የምንወርደው እኛው ነን። የራሱን ጉዞ ያላቀደ መምህር የሰው ልጅ አደራ እንዴት ይቀበላል? ስለዚህ አምስት ሰዎች ይመረጡ፤ ዕቅዱን ጽፈው እዚሁ ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፤ ሁላችንም እንተችበት። መዋጮው ከዚያ በኋላ ይሰብሰብ። እኔም ወጥ ሠሪ ለመሆን ከወዲሁ ተመዝግቤያለሁ።